ማሽን ቁጥር ሦስት

ሳቢያን ማደያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤
ጫማ ይዞ ያስቀራል አስፋልቱ በሙቀት።
ማሽን ቁጥር ሦስት የኔ ነው፤ የናፍጣ።
ከደንገጎ ወርዶ አብዲሸኩር መጣ፣
ኢሱዙው ድንች ጭኖ፣ ፍሬኑ እየሸተተ፤
ሽርጡን አጥብቆ ቁጥሩን ተመለከተ።

«አቦ ነኢማ!» አለኝ፣
«እስቲ ይችን ንገሪኝ።
አባቴ ሲነዳ፣ ያኔ ባቡር ሳለ፣
ናፍጣ የኛ ነበር፣ ርካሽ እየተባለ፤
ቤንዚን የጌቶች።
ዛሬ ይኼ ወፍራሙ፣ እጅ የማይለቀው፣
ያንን ቀጭኑን በሁለት ብር የሚበልጠው
ምን ተምሮ ነው?»

የተማርኩስ እኔ።
ሐረማያ፣ ኬሚስትሪ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፤
ሦስተኛውን ዓመት አባቴ ታመመ፤
ደብተሬ ያን ጊዜ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ እዚያው ከረመ።

«ስማ» አልኩት፣ ቱቦውን ሰልባትዮው ላይ ሰክቼ፤
«ድፍድፉን በረጅም ምሰሶ ውስጥ ያፈሉታል፤
ቀላሉ ወደ ጣራ፣ ከባዱ ወደ ምድር ቤት ይሄዳል።
ቤንዚን ከላይ፣ ናፍጣ ከመሀል ፎቅ ይቀዳል።
ግን በቅርጫ ታውቀዋለህ፤
ሰው ሁሉ ጉበት ቢል፣ ጉበቱ አይበዛም፤
አንድ በሬ ታርዶ ሁለት ጉበት አይወጣም።
ደግሞ ድኝ አለበት፤ ያጥቡታል፤ አጣቢው በነጻ አያጥብም።
ከዚያ ሩቅ አገር፣ ስሙን በማንጠራው፣
በረዶ ሲወርድ፣ ቤት የሚያሞቀው
የናፍጣ ወንድም ነው፣ ከዚያው ፎቅ የተቀዳ፤
እነሱ ሲበርዳቸው እኛ ላይ ነው ዕዳ።»

ላቡን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።
«ወላሂ?» አለ። «ድሬ ላይ? በዚህ ሐሩር?
የሰው ብርድ እየከፈልኩ?»

«አዎ። መርከቡም ይጠጣዋል።
ከጅቡቲ የሚያመጣልን ቦቴም ራሱ
እየጠጣ ነው የሚመጣው።
ጉልበቱም ሊትር በሊትር ከቤንዚን ይበልጣል፤
ደንገጎን የሚያወጣህ እሱ አይደል?»

ዝም አለ። ቁጥሩ ይሮጣል፤ ብሩ ሊትሩን ቀድሞ።

«ያንቺም እውነት ነው» አለኝ፤ «ግን የኔንም ስሚ።
ባለ ቤንዚኑ ሲወደድበት መኪናውን ያቆማል፤
ከዚራ ጥላ ሥር በእግሩ ይሄዳል፤
ጤና ነው ይላል።
እኔ ብቆም ድንቹ እላዬ ላይ ያበቅላል፤
ገንደ ቆሬ ያለው ወፍጮ ዝም ይላል፤
የእህቴ ባል ጉድጓድ፣ ሞተሩ ካልጠጣ፣
ውሃው እዚያው ታች ነው፣ በምን ሊወጣ?
እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሚገዛው ዕቃ
ዋጋው መቼ ያበቃ?»

ደብተሬ ውስጥ ይህ ገጽ አልነበረም።

«በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም፤ ለዳገቱ ይበቃኛል።»
«ልዩነቱንስ?» አልኩት፣ ብሩን እየቆጠርኩ።
«ድንቹ ላይ ነዋ!» ብሎ ሳቀ፤
በሩን ሁለት ጊዜ ገጭ አደረገው፤ በአንዴ አይዘጋም።

ማታ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር፣
የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አቋርጬ
ገበያ ገባሁ።
ሹክሪያ ድንቿን ከምራ ተቀምጣለች፤
ገና ሚዛኑን ሳታነሳ፣
«ጨምሯል እኮ» አለችኝ። «ናፍጣ ነው።»

ለኔ!

ምሰሶውን አውቃለሁ፣ ፎቁን፣ ድኙን፣
የማላውቀውን አገር በረዶ ጭምር፤
ልከራከራት አፌን ከፈትኩ፤
የልብሴ ጠረን ቀደመኝ፣
መሰከረላት።

አንድ ኪሎ ልል መጥቼ
ግማሽ አልኩ።