የመያዣ ሱቁ መዝገበ ቃላት

ቫልፓራይሶ ነው።
ከወደቡ በላይ፥ ዳገቱ ሲጀምር፥
ዶን ኤቫሪስቶ አለ፥ ቃል የሚመነዝር።
ሥራው አራጣ ነው፤ ዕቃ ይዞ ማበደር፤
አመሉ ደግሞ ግን፥
ደረሰኝ ጀርባ ላይ ትርጉም መሞነጫጨር።

«ቃል ኪዳን» ይልና፥
«ከማሪሶል ጣት ላይ ሦስት ጊዜ ወልቆ፥
ሁለቴ የተመለሰ ወርቅ ነው» ይጽፋል፥ ሚዛኑን ጠብቆ።

«ወዳጅ»፦ ሲበደር «ወንድሜ»፥ ሲጠየቅ «ማን ልበል?»
«ምክር»፦ ሰጪው ራሱ ሳይሞክረው፥ በነጻ የሚታደል።

«ሐሜት»፦ በሌለ ሰው ስም የሚጠጣ ሻይ።
(ይህን ሲጽፍ አማቱ ነበረች፥ ከላይ ፎቅ ላይ።)

«ነገ»፦ ባለዕዳ ሁሉ ሻማ የሚያበራለት ቅዱስ።
«ይቅርታ»፦ የሰው እግር ረግጦ፥ ጫማን መውቀስ።
«ለጋስ»፦ ሰው ሲያየው ብቻ ኪሱን የሚያስታውስ።

«ሐቀኛ» ላይ ሲደርስ
እስክሪብቶው ደረቀ። ሌላ ቀን ይሻላል አለ።
ሌላው ቀን ግን ዋለ፥ አደረ፥ ከረመ፥ እዚያው ተንጠለጠለ።

ማክሰኞ፥ በዝናብ፥ ኖልፋ ልብስ ሰፊዋ
የብር ማንኪያዎቿን ልታስለቅቅ መጣች፥ ሳንቲም በመዳፏ።
ደረሰኟን ገልብጣ ሁሉን አነበበች፤
ከጠረጴዛው እርሳስ ብድግ አርጋ፥ ከግርጌው ጨመረች፦

«ፈላስፋ»፦ የሰውን ጉድ ሲጽፍ ሲያነሳ፥
አውራ ጣቱን ሁሌ ሚዛን ላይ የሚረሳ።

ዶን ኤቫሪስቶ አነበበ።
መነጽሩን አወለቀ።
እንባው እስኪመጣ፥
ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ።
ከዚያም ዓይኑን በእጅጌው አብሶ፥
ሂሳቧ ላይ ጨመረ፦
«የእርሳስ ኪራይ፤ ሃምሳ ፔሶ።»