ከበሩ ውጭ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሃይፋን ዝናብ ይዟታል፣
ሀዳር ያለው ሲኒማ ጣራው ያንጠባጥባል።
ሰባት ትኬት ቆረጥኩ፤ ስምንተኛው ራሴ፣
መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከነርጥብ ልብሴ።
ሽማግሌው ሞሪትስ መነጽሩን ወልውሎ
«ቀለም የለውም» አለኝ፣ ይቅርታ የሚለምን መስሎ።

ቀለም ምን ሊረባኝ!
የአንጥረኛ ልጅ ነኝ፤ ጥቁር ከጥቁር አይምታታብኝ።
የከሰል ጥቁር አለ፣ ዳር ዳሩን አመድ የቀመሰ፣
የጥላሸት ጥቁር አለ፣ በጣት ሲነኩት የለሰለሰ፣
ደግሞ ከውሃ የወጣ ብረት፣
ጠቁሮም ገና ያልበረደ፣ ሆዱ ውስጥ ያለ እሳት።
ይህን ፊልም ያነሳው ሰው፣ አፈሩ ይቅለለውና፣
ወናፍ ሳይነፋ አልቀረም በልጅነቱ ገና።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከገደል አፋፍ አንድ ቤት፣
አንዲት መበለት፣ አንድ ሻንጣ፣
ማንም ሳይተኛበት የጎደጎደ አልጋ ያለበት።
ደረጃው በቀን አሥራ አራት፣ በሌሊት አሥራ አምስት ነው፤
እሷ ስትቆጥር እኔም እቆጥራለሁ፣
ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ማን ያየኛል፣ ጨለማ ነው።
የዕብራይስጡ ጽሑፍ ከታች ይሮጣል፣ ዓይኔ አይደርስበትም፤
ሴትዮዋ ጣሪያውን አይታ ስትቀር ግን
አስተርጓሚ አላሻኝም።
ሻማው ነፋስ በሌለበት ወደ ግድግዳው ያዘነብላል፣
ከራት ጠረጴዛው ዳር አንድ ወንበር
በስንዝር ፈቀቅ ይላል።
በቃ። ደም የለ፣ ጥፍር የለ፣ ከመቃብር የወጣ የለ።
የልጄ ልጅ ኦሪ ቢሆን «ሳባ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» ባለ።
እኔ ግን ወደድኩት፤ ሰሙን ብቻ አቅልጦ
ወርቁን ለኛ ተወው፣ ከጨለማው ሸጉጦ።

ከዚያ
ቋ። ቋ። ቋ።
በሩ ተመታ።
ሰባት ራስ ቀና አለ በአንድ አፍታ፣
ዓይን ሁሉ ወደ መጠለያው ቀስት፣ ወደ መውረጃው ደረጃ።
ወይዘሮ ብሮንያ ቦርሳዋን አቅፋ ተነስታለች፣
«ከፊልሙ ነው ከውጭ?» አለች።
«ከፊልሙ» አለ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ።
«እፎይ!» አለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። «መንፈስ ነው።»
ሰባት ሰው እንደ ሰባ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም።
በሩን የሚመታው ማን እንደሆነ
ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ የማውቅ መሰለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤
አባቴ የሳለውን ማረሻ ተሸክሜ፣
ካዘዘው ገበሬ ደጅ ቆሜ፣
«ቤቶች!» አልኩ።
ከውስጥ ሕፃን ወደ ጓዳ ሲሸሽግ ሰማሁ፣
መቀርቀሪያው ሲወድቅ፣ «ቡዳው መጣ» ሲባል ሰማሁ።
ቀን ቀን ጅራት የሌለው ጅብ፣
አፍንጫው ንፍጥ የሞላ፣
በገዛ ጥላው የሚደነግጥ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ፣
እሱ እኔ ነበርኩ።
ማረሻውን ከደፉ ላይ አኖርኩት። ዝናብ ነበር ያኔም።
ለካ ጭራቅም ይበርደዋል።

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ሻማዋን በግራ እጇ ይዛ
መቀርቀሪያውን ሳበች።
ውጭ ዝናብ ብቻ። ሜዳ። የተሰበረ አጥር።
«ግባ» አለች፣ ለማንም።
እዚያ ላይ ጨለመ።
ጉንጬን ያራሰው እንባ አይደለም፤ ብያለሁ፣ ጣራው ያንጠባጥባል።

ሞሪትስ ማሽኑን እንደ ታማሚ አልብሶ ወጣ።
መብራት አጠፋሁ፣ ቆለፍኩ፣ አውቶቡስ አመለጠኝ፣
በእግሬ ቤቴ ደረስኩ።
አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ደረጃውን ስቆጥር
አንድ ተረፈኝ።
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለች ባንቺአየሁ ከውስጥ።
ዝም አልኩ፤
እስኪ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ።