ከኋላቸው የነበረው

ሞላሌ ገበያ፣ ከወፍጮው ቤት አጥር፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ኮምፒውተር፣ ወንበር።
ሰው መቁረጥ ነው ሥራዬ፤
ክፉ አይጠርጥሩ፣ በማውስ ነው፣ ጌታዬ።
ሙሽራን ከጭቃ አንሥቼ ፏፏቴ ሥር አቆማለሁ፤
ተመራቂን ከበረት ደጅ ፎቅ ፊት አስጠጋለሁ፤
"አረንጓዴ ይሁን" ላለኝ
ሦስት ዓይነት አረንጓዴ አለኝ።

በልግ በቀረ በሦስተኛው ዓመት
ወይዘሮ ዘነበወርቅ መጡ ከጓሳው ሥር፣
የሠርግ ፎቶ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፤
ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው።
"አድስልኝ ልጄ፤ ቀለም አልብሰን፤
ከኋላችን ያለውን ጣልና ፏፏቴ አድርግልን።"

አጎላሁት፤ ሁለት እጥፍ፣ አራት እጥፍ።
ከሙሽራዪቱ ትከሻ ጀርባ፣ ከድንጋዩ አፍ፣
ነጭ ነገር ይወርዳል።
ጭረት መስሎኝ ላጠፋው ነበር።
ውሃ ነው፤
ሥሩ እንስራ የደቀነች ልጅ፣ ቄጤማው እስከ ጉልበቷ።
"ታናሼ ናት" አሉ። "ምንጩ? አይነጥፌ ነበር የሚባል።
ነጠፈ። ስሙ ቀረ።"

እንዳዘዙኝ ቆረጥኩ።
የማን አገር እንደሆነ የማላውቀው ፏፏቴ ሰጠኋቸው፤
መቶ ሃምሳ ብር።
የቆረጥኩትን ግን አልጣልኩም።

በማግሥቱ አመዳዩ ሳይለቅ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ፤
ያኔ ፎቶ አንሺው ከቆመበት ቆምኩ።
ጽዱ ጉቶ ሆኗል።
ድንጋዩ ያው ነው። አፉም ያው ነው።
ምላሱ የለም።
ጠጠር ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ።

በገበያ ቀን ሁለት ባነር ሰቀልኩ።
በአንዱ ውሃው አለ፣ ሙሽሮቹ የሉም፤
ነጭ ቅርጻቸው ብቻ፣ እንደ ተከፈተ በር።
በሌላው ሙሽሮቹ አሉ፣ ከደረቀው ድንጋይ ፊት፣
ውሃው እንዳለ እየሣቁ።
ጽሑፍ አልጨመርኩም።

"የምን ማስታወቂያ ነው?" አለ ጨው ነጋዴው።
ልጆች በነጩ በር ፊት እየቆሙ በስልክ ተነሡ።
አንድ ሽማግሌ ግን በቅሎውን እንደያዘ ቀረ፤
"እዚህ ጋ ጠጥቼ አውቃለሁ" አለ፣ ለማንም አይደለም።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዘግይተው ደረሱ።
መዳፋቸውን ከባነሩ ምንጭ ሥር ደቀኑ፣
አዩት፣
በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ የረጠበ ይመስል።
"ይቺ ኮምፒውተርህ የተሠራውን
ወደ ኋላ ትመልሳለች አሉ?"
"ትመልሳለች እማማ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሃያም፤
ፋይሉ ካልተዘጋ።"
ወደ ጓሳው ዞር አሉ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የሚያስፈራ ጥራት።
"ይኼኛውስ፣ ተዘግቷል?"