የሳምንት ኪራይ

ነጂብ መጽሐፍ ያከራያል፣ ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ፣
ለሳምንት ዐሥር ብር ነው፤ የመያዣው ብቻ ሌላ።
ሁለት ይዤ ገባሁ፣ በዚህ በግንቦት ሙቀት፤
አንዱ ዘንዶ አለበት፣
አንዱ አራት ልጆችና የሞተ አባት ቤት።
«ዘንዶው ነው የሚያስፈራው» አለኝ፣ «አቦ ተጠንቀቂ፣
ማታ እንዳትከፍቺው፤ ጀንበር ሳለች ዝለቂ።»
ዋሸኝ።

ዘንዶው ተኝቷል እንጂ አንድም ሰው አልበላ፤
ከጨው ከተማ ሥር ነው፤ ሕልሙ ብቻ ሽቅብ ወጥቶ
በየጓዳው፣ በየእንስራው፣ እንደ ውኃ የሚሞላ።
ግብር የሚከፈለው በብር አይደለም፣ በጥላ፤
ቀራጩ ከነመቀሱ ከየደጃፉ ቆሞ
ጥላን እንደ አቡጀዴ በክንድ ለክቶ ይቀድዳል፤
ያጣ የነጣው ደግሞ
ባዶ እግሩን ሳይሆን ባዶ ጎኑን፣ በፀሐይ መሐል ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቀና አልኩኝ። ከመድኃኒት ቤቴ መስኮት ውጭ
ሰባት ሰዓት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ጥላ ፍለጋ፣
የግንቡን ዳር ዳሩን ይዞ እንደ ድመት ሲጠጋጋ፣
ባጃጁ እንኳ ከኒም ሥር ሲሻማ፣ ሲዋጋ።
ደራሲው ድሬን አያውቅም፤
የጥላ ዋጋ ግን ገብቶታል።

ነገሥታቱ በዙብኝ። ሠላሳ ስም ቆጥሬ
ተውኩት፤ ሁሉም ክኒን ክኒን አሉኝ፣
ሥራዬን አልጋ ላይ ይዤው አድሬ።
ካርታም አለው ከፊቱ፤ ወንዝ ሁሉ ሰማያዊ መስመር፤
ደቻቱን አንድ ቀን ቢያይ ሌላ ይሥለው ነበር።
ወንዝ እኮ አሸዋ ነው፤
ልጅ ኳስ የሚመታበት፣ ሰው የሚያቋርጠው በነጠላ ጫማ፣
አንድ ሌሊት ከወደ ተራራው
ያ ድምፅ እስኪሰማ።

የመጨረሻው ቅጠል የለም፤ አንዱ ተከራይ ቀዶታል፤
ሌላው ደግሞ አዝኖ መሰል በእርሳስ ጽፎ ሞልቶታል፦
«በመጨረሻም ዘንዶው ነቃ፣
ጥላም ወደየባለቤቱ ሄደ። ነገ ፈተና አለብኝ። በቃ።
ከድር፣ ከሳቢያን።»
ሌላ ፍጻሜ አልፈልግም፤ ለኔ ይኼው ነው የሚበቃ።

ያኛውን ቅዳሜ ጀመርኩ፣ ማራገቢያው ሲንቋቋ፤
ጥንቆላ የለም፣ ሰይፍ የለም፤
አራት ልጅ፣ አንድ ግቢ፣ የውርስ ወረቀት ቋንቋ።
አባትየው ሰዓት ጠጋኝ፣ «እወዳችኋለሁ» የማይወጣው፤
ማታ መብራት ሲጠፋ
የልጆቹን አውራ ጣት እየነካ ይቆጥራል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ከዚያ ነው እንቅልፍ የሚመጣው።
ዘጋሁት። ያባቴን እጅ አስታወሰኝ፤
የባቡር ፍሬን ሲያጠብቅ ኖሮ፣ ግሪሱ ከቆዳው ገብቶ፣
ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ
እጄን ሳይሆን እጅጌዬን
በሁለት ጣት ብቻ ይዞ፣ እንዳያቆሽሸኝ ፈርቶ።

ሁለተኛዋ ልጅ ግን ያባቷን ቁልፍ ደበቀች።
ገጽ መቶ አርባ ላይ ነው፤ ጮክ ብዬ ሰደብኳት፤
ጎረቤቴ ሐዋ ከወዲያ ግድግዳዋን መታች።
«ስስታም! ወንድሞችሽ እኮ ናቸው! ቤት እኮ ድንጋይ ነው!» አልኩኝ፤
ተናድጄ፣ ሻይ ላፈላ፣ ከፍራሼ ተነሣሁኝ።
ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያውን ስስብ፣
ከክሩ፣ ከመርፌው ሥር፣ በጨርቅ እንደተቋጠረ፣
የለገሃሬው ቤት ቁልፍ፤ እንደዚያ ዘንዶ ተኝቶ፤
ወንድይፍራው «የት ነው?» ሲለኝ
«ጠፋ» ያልኩት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ድምፄ ረግቶ።
ሻዩ ገንፍሎ ፈሰሰ።

ሐሙስ መለስኩ። የአንድ ቀን ቅጣት ከፈልኩ፤ አልተከራከርኩም።
ገጽ መቶ አርባ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ከድር በእርሳስ፣
«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስሜን ግን አልጻፍኩም።
ለወንድሜም አልደወልኩም፤
ካርድ የለኝም ብዬ ነው። እሱም ሌላ ልብ ወለድ።
«የቱ አስፈራሽ?» አለኝ ነጂብ።
«የዘንዶው ቀጣይ ክፍል አለ?»
«አቦ፣ ከድር ጋ ነው! ፈተናውን ጥሎ እሱን ሲያነብ ዋለ።»