የሌለው ልክ

ጠባሴ፣ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤
የበርሜሉ ውሃ ከላዩ ለብሷል ስስ መስታወት።
አሸዋው በውርጭ ተጋግሮ አካፋ አላስገባ ብሏል፤
ዘበኛው አያ ላቀው ጋቢውን እስካፍንጫው ስቦ
«ኢንጂነር፣ የዛሬውስ ብርድ ሲሚንቶ ያስነጥሳል!»

ሜትሬን አወጣሁ ከኪሴ።
ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ፣ «እለካለሁ» ነው መልሴ፤
ይህን ያህል ኪዩብ አርማታ፣ ይህን ያህል ኪሎ ፌሮ፣
አንድ በአንድ በእጅ ተዳሶ፣ ስታፋው ሳይቀር ተቆጥሮ፤
የተሠራውን ከውሉ፣ ውሉን ከተሠራው ማስታረቅ፣
ከዚያ በአምስት ቅጂ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ብር መልቀቅ።
ውልም እንደ ልቃቂት ነው፤ ውሉን ይዞ ለሚተረትር
ቀን ሙሉ ይታዘዝለታል፤
አንዴ ጣት ለቆ ካመለጠ፣ በሳቡት ቁጥር ይቋጠራል።

ተቋራጩ አቶ ይልፋሸዋ ደግ ሰው ነው፣ አልክድም፤
ሠራተኛ ሲታመምበት ሳይጠይቅ አያልፍም፤
ክፍያ የዘገየ ሳምንት ብቻ ድምፁ እንደ ክር ይቀጥናል።
ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ከነጭቃው ቢሮዬ ገባ፣ ሰርተፍኬት ቁጥር ሁለትን ሊያስነብብ።
«ተራ ቁጥር አንድ ነጥብ አራት፣
የወለል ጠርዝ መከላከያ አጥር፣ በጥቅል» አለ በጣቱ ነክቶ፤
«እንጨቱ እኮ ተጭኗል፤ ጣርማ በር ላይ ነው፣ ጭጋግ መኪናውን ገትቶ።
ዛሬ ፈርሚልኝ፤ ሰኞ ይቆማል።»

ፈረምኩ።
መቶ ፐርሰንት፣ በጥቅል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ሰኞ መጣ። ሌላም ሰኞ። የጣርማ በር ጭጋግ ተገፍፎ
ገደሉ እስከ ታች ታየ፤ መኪናው ግን አልወጣም።
እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።
ሦስተኛው ሶሌታ ተሞላ። ከጠርዙ ወዲያ አየር፣
ከአየሩ ወዲያ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ የሰው ጣሪያ፣ የሰው አጥር።

ጌጤነሽ ከሞጃ የመጣች የቀን ሠራተኛ ናት።
ባሬላ የምትይዘው ከኋላ ነው።
የፊተኛው መንገድ ያያል፤
የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው።
ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የፊተኛው ታጠፈ፤
እሷን መታጠፊያው አልበቃትም።

ሞርታሩን ደፍተው፣ በዚያው ባሬላ አነሧት።
ዳሌዋ፣ ሁለት የጎን አጥንቷ። ነፍሷ አለች።
ሰው ሁሉ «እግዜር አተረፋት» ይላል፤ አሜን።
የወደቀችበት ግን የአሸዋ ክምር ነው፤
ያለቦታው የተደፋ፤ «ይነሣ» ብዬ ሁለቴ ደብዳቤ የጻፍኩበት።
ዛሬ ጠዋት ቢሆን ደግሞ አሸዋው ድንጋይ ነበር።

የፎርማኑ የዕለት መዝገብ፦
«አየሩ ብራ። ሠራተኛ ሠላሳ አንድ። ሌላ፦ የለም።»

ወጣሁ። አያ ላቀውን በገመድ ከኮለኑ ፌሮ ጋር አሰርኩ፣ ራሴንም አሰርኩ፤
የሜትሩን ጫፍ እያስያዝኩ፣ በጉልበቴ ዳር ዳሩን ዞርኩ።
ምሥራቅ፣ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ። ሰሜን፣ ሃያ ሁለት ከስልሳ።
ምዕራብ፣ አሥራ አራት ከሃያ።
ደቡቡ ከጎረቤት ግንብ ይገጥማል።
«ምኑን ነው የምትለኪው?» አለኝ፣ እጁ በብርድ ደንዝዞ።
«አጥሩን።»
«የቱን አጥር?»
«የፈረምኩበትን።»

ሃምሳ አንድ ሜትር፣ የሌለ።
በአዲሱ ሰርተፍኬት ላይ፦ ቀድሞ የተከፈለ፣ መቶ፤ እስከ ዛሬ የተሠራ፣ ዜሮ፤
ልዩነቱ ይቀነሳል፤ ውሉ ይፈቅዳል፣ አንቀጽ አለው ተዘርዝሮ።
የፈራሚ ተቀናሽ ግን በየትኛው ዓምድ ይገባል?
ቅጹን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ባዶ።

ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ። «የለም»ን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣
የተሰረዘው እንዲነበብ፤
ከጎኑ ጻፍኩ፦ ጌጤነሽ
የአባቷን ስም አላውቀውም።
እስክሪብቶዬን ደብተሩ ላይ ትቼ፣ ለመጠየቅ ወረድኩ።