ሩብ ዙር

«ዛሬስ ትሠራዋለህ፣ ወይስ ልጥራ ሰው?»
አለችኝ አዝመራ፤ ጣቷ የሚያሳየው
ማድቤት ግድግዳ ላይ ያረጀውን ቧንቧ ነው፣
ስድስት ወር ሙሉ ጠብ ጠብ የሚለው።

ጠብ ማለቱስ ቢሆን በየቀኑ አይደለም፤
ሳሙና በር ሰፈር
ሳሙናው አለ እንጂ ውሃው ሁሌ የለም።
በአሥር ቀን አንዴ ነው፣ ሲብስም በወር፤
መንደሩ ሲያንኮራፋ፣ ጅቡ ከቀሃ ማዶ ሲመክር፣
ይመጣል እንደ እንግዳ፣ በር ሳይመታ፣
ይሄዳል ጎህ ሳይቀድ፣ ሳይሰጥ ሰላምታ።

መዝጊያውን ልዘጋ ቆጣሪው ዘንድ ወጣሁ፤
እጄን እንደ ዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ፦
ምን ሊፈስ ነው አሁን? ማንን ነው የምዘጋ?
ድሮም የተዘጋ።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺያቬ ተውሼ ከጎረቤት፣ ከጌጡ፣
ተንበርክኬ ያዝሁት፤ ዝገትና እልህ አብረው እየወጡ።
ዘይት አጠጣሁት፣
በመዶሻ ኳኳሁት፣
ለመንሁት፣ ሰደብሁት፤
«ቂቅ» ሲል እንደ መንጋጋ ጥርስ ነቀልሁት።
ጎሚኒዋ ወጣች፤
ጠቁራ፣ ተበልታ፣ መሐሏ ጎድጉዳ፣
ከባቄላ ክክ የማትበልጥ ዕዳ።
ይቺ ናት እንግዲህ፣ ይቺ ክክ ታህል፣
ስድስት ወር ጠብ ያለች በሁለታችን መሐል።

ክፍልፋይ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ፤
እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመኝም በሕይወቴ፦
«ግማሽ ነው? ሦስት አራተኛ?» አሉኝ ሐጂ ኑርሁሴን፣
ቅዳሜ ገበያ፣ ባንኮኒው ላይ ደፍተው የጎሚኒ ጣሳቸውን።
ናሙናዋ ቤት ቀርታለች። ሌባ ጣቴን ካውራ ጣቴ ለይቼ፣
«ይህን ታህላለች» አልኋቸው ገምቼ።
ሣቁብኝ። «በዓይን ተለክቶማ በሬ ነው የሚገዛ፤
ሂድና አምጣት፣ መምህር፣ ሥራህ እንዳይሆን ፌዛ።»

አመጣኋት። ጣሳው ተራገፈ፤ የለም የኔን መሳይ።
አራዳ ወጣሁ፣ ለጎማ ለጣፊው ላሳይ።
ማሩ ይባላል፤ ተማሪዬ ነበር፣ ሁለት ጊዜ የጣልሁት፣
የክብ ስፋት ላይ በቀይ የሰረዝሁት።
የባጃጅ ካላማዳሪያ ቁራጭ አነሣ ዝም ብሎ፣
በመቀስ ዞራት፤ ሳይለካ፣ ሳይጽፍ፣ በዓይኑ አስተካክሎ።
አንዲት ፀጉር ሳታዛንፍ ልክ ሆነች። «ስንት ልክፈል?» ብለው፣
«ነጥብ ይጨምሩልኝ» አለኝ፤ ሣቁ ግን አጭር ነው።

ገጠምሁ። ቴፍሎን ጠመጠምሁ፣ አጠበቅሁ፣ ደግሞ አጠበቅሁ።
ተሠራ? ማን ያውቃል!
ውሃ በሌለበት «ዳነ» እንዴት ይባላል?
ወረቀቱን ሰጥቶ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ መሰልሁ፤
በእጅ ባትሪ እየተነሣሁ
የቧንቧውን አፍ አያለሁ።
አንድ ሌሊት። ሦስት። አምስት።
ጸጥ።

በስድስተኛው ጧት የጌጡ ሚስት፣ ከአጥሩ ማዶ፦
«ሞላችሁ? እንዴት ያለ ውሃ! ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር!»
ሮጥን። በርሜሉ ደረቅ።
ጄሪካኖቹ እንደ ተሰለፉ፣ አፋቸውን እንደ ከፈቱ፣
እንደ ጉድ ያዩናል።
አዝመራ የቧንቧውን ከንፈር በጣቷ አበሰች፤
ጣቷን አየች፤ እኔን አየች፤
እርጥበት የሚባል የለም።
«ደህና አድርገህ ሠርተኸዋል» አለች።
ቆየት ብላ፦
«እኔን እኮ የሚቀሰቅሰኝ ጠብ ጠቡ ነበር።»

ያን ሳምንት በጌጡ ሦስት ጄሪካን ኖርን፤
ፊታችንን በኩባያ ታጠብን።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣
በሩን እሷ ስትቀረቅር፣ እኔ ማድቤት ገብቼ፣
ቧንቧውን ወደ ግራ፣ ሩብ ዙር አላልቼ፣
ከሥሩ የቆርቆሮ ሳህን ደፍቼ፣
መብራቱን አጠፋለሁ።
እሷም አልተኛች፣ እኔም አልተኛሁ፤
እንደ አምናው ጀርባና ጀርባ ሳይሆን፣ ፊትና ፊት፣
ጆሯችንን ጥለን ወደ ማድቤት፣
አንዲት ጠብ እንጠብቃለን።