በሙሉ ድምፅ

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ሰማያዊ ብዕር፣ መስመር ያለው ወረቀት፤
መስከረም ነው ጊዜው፣ ዝናቡ ገና አልሄደም፤
ከቆርቆሮው በታች የሦስት መቶ ሰው ሙቀት።

ገሚሱ በርጩማ ከቤቱ ተሸክሞ፣
ገሚሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ኪራይ የከፈለ፣
ስሙ ከመዝገቡ ሊረግፍ የደረሰ፣
«ቦዬ ዳር ያለውን ሜዳ እናከፋፍል» ሲባል
አዳራሹ በእልልታ ታመሰ።
አባ ሜጫ እንኳን፣ ያ ዝምተኛ ጫማ ሰፊ፣
መርፌ የወጋጋው እጁን እያጨበጨበ አለቀሰ።

«የምትደግፉ?» ተባለ። እጅ እንደ ፊላ በቀለ።
ከዳር ጀምሬ ቆጠርኩ፤
መሃል ላይ ስደርስ አንድ ጉድጓድ አገኘሁ፣
እጅ ያልበቀለበት። ቆምኩ።

ነጂባ አባ ዋሪ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢያችን።
በየወሩ ግቢያችን ገብታ፣ ጎንበስ ብላ፣
በጣቷ ጭቃውን ጠርጋ የምታነብ፤
የማን ቧንቧ እንደሚያነባ፣ ማን በሌሊት እንደሚቀዳ
እያወቀች ለማንም የማትናገር፣
ገመናችንን ከቁጥሩ ጋር ይዛ
ከደጅ ወደ ደጅ የምትሻገር።

«እኔ አልደግፍም» አለች።
ድምጿ ጎልቶ አይሰማም፣ ጉንፋን ይዟት ነበር መሰለኝ።
«ያ ሜዳ ሜዳ አይደለም፤ ውሃ የተኛበት ነው።
የተኛ ሰው አልጋ ሸጠን፣ ሲነቃ ምን ልንለው ነው?
እኔም ተከራይ ነኝ፤ ቤት አልጠላሁም።
ደግሞስ ጉማሬዎቹ…»

እዚያ ላይ ሳቅ ፈነዳ። ቀሪውን አልሰማንም።
«የጉማሬ ጠበቃ!» አለ አንዱ ከኋላ፣
ማን እንደሆነ አላየንም።
(አይቻለሁ። የወንድሜ ልጅ ነው።)

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ።
ጠግባ ነው ተባለ፤ ጂሬን ላይ ርስት አላት ተባለ፤
ብር በልታ ነው፣ ከማን ባይታወቅም፣ ተባለ፤
ባሏ እንኳ አብሯት መኖር አልቻለም ተባለ።
ግንጆ የተከራየችውን ቤት አውቀዋለሁ፤
አንድ ክፍል፣ ጭቃ፣ መስኮቱ በካርቶን የተከለለ።

እቁብተኞቹ ድርሻዋን በፌስታል ቋጥረው ላኩላት፤
ያደረሰው ልጅ ሰላም እንኳ አላላት።
ሄርማታ ላይ ባጃጅ ትጠራለች፣
ባዶ መሆኑን ታያለች፣ ያልፋታል።
በሯ ላይ በከሰል ጉማሬ ሳሉባት፣ ሻሽ ያሰረ።
ልጆች ናቸው አልን።
ስዕሉ ከራሴ በላይ ነበር፤
የልጅ እጅ እዚያ አይደርስም።

ወሩ ሞልቶ፣ ቆጣሪ ልታነብ፣ የእኔን በር አንኳኳች።
ሚስቴ አየችኝ። እኔ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ።
ዜናው ስለ ምን እንደነበር ዛሬም ትዝ አይለኝም።
የኮቴዋ መራቅ ግን፣
ጭቃው እግሯን ይዞ ሲለቃት፣ ይዞ ሲለቃት…

አንድ ሰኞ ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።
«እሺ በሉኝ አልልም» አለች፣ «ተሸንፌያለሁ፣ አውቃለሁ።
ያልኩት መጻፉን ብቻ አሳየኝ።»
መዝገቡን አዞርኩላት።
እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች፣
ጣቷን ከቃላቱ ሥር አስኬደች፦
በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።
ማህተሙ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።
«በትክክል አላነበብከውም» አለች፣
«አንድ ይጎድላል።»
ሌላ አልጨመረችም።

ልክ ነበረች ብዬ አልምልም።
ሦስት ክረምት አለፈ፣ ውሃው አልመጣም፤
ምናልባትም አይመጣም።
ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት የእኔ ነው፤
መሠረቱ ደርቋል፣ ግድግዳው ቆሟል፤
በሩ ብቻ ሲዘጋ ትንሽ ይይዛል፣
እንጨቱ ነው ይላል አናጢው።

ነጂባ ወደ አጋሮ ተዛወረች ይባላል።
አሁን የሚመጣው ወጣት ግቢ አይገባም፤
ከውጭ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
ቁጥሩን በግምት ይጽፋል።
«ልክ ነው አይደል?» ይለኛል በአጥሩ ላይ።
እፈርማለሁ።